«ማንም አይደለችም፤ አብራኝ የምትሮጥ ናት»

ዛሬ ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ጨጓራ አይደለም የማወራችሁ። ስለ አንድ ቃል ነው። ቤታችሁ ውስጥ የሚሮጥ ወይም ኳስ የሚጫወት ልጅ ካለ እስከ መጨረሻው ታገሱኝ፤ ጉዳዩ የእናንተ ነው።

የምሠራው አቃቂ ቃሊቲ ነው። አንድ ሰኞ ጠዋት ሁለት ወጣት ሴቶች መጡ፤ አንዷ እያነከሰች፣ ሌላዋ ደግፋት። (ታሪኩን የምጽፈው በሁለቱም ፈቃድ ነው፤ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።) የታመመችው 17 ዓመቷ ነው፤ ሯጭ ናት። ቅልጥሟ ላይ አንዲት ቦታ በጣቴ ስጫን ከአልጋው ዘላ ልትነሳ ምንም አልቀራት። ደግፋ ያመጣቻት ልጅ የሁለቱንም ቦርሳ ይዛለች። የባጃጁን ሒሳብ የከፈለችው እሷ ናት፤ ካርድ ያወጣችውም፣ ወረፋ የያዘችውም እሷ ናት።

«አብራሽ ያለችው እህትሽ ናት?» አልኳት።

«አይ ዶክተር፣ ማንም አይደለችም፤ አብራኝ የምትሮጥ ናት።»

በክፋት አልነበረም። ሕመሙ ላይ ሆና፣ ለጥያቄዬ አጭር መልስ ስትፈልግ የወጣት ቃል ነው። ልጅቷ ግን በሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሰምታለች። ስልኳን አውጥታ መነካካት ጀመረች። እኔም በሕክምናው ተጠምጄ ነገሩን አለፍኩት።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያቺን «ማንም ያልሆነችውን» ልጅ ቃሊቲ መናኸሪያ አካባቢ አንድ ሱቅ ውስጥ ስትሠራ አገኘኋት። «ልምምድስ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ትቼዋለሁ።» «ምነው፣ ተጎዳሽ እንዴ?» «ኧረ ምንም አላመመኝም። ሰለቸኝ። ብኖርም ባልኖርም ያው ነው።»

ብኖርም ባልኖርም ያው ነው። እንደ ሐኪም ይህን ዓረፍተ ነገር ከማንም ታካሚ አፍ ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። ከወጣት አፍ ሲሆን ደግሞ የበለጠ። የዛሬው ጽሑፍ መነሻ ይኸው ነው። ልጆቻችንን አሯሯጥ እናስተምራለን፣ አመጋገብ እናስተምራለን፣ ማሸነፍ እናስተምራለን። አብሯቸው ለሚለፋው ሰው «አንተ ባትኖር እዚህ አልደርስም ነበር» ማለትን ግን አናስተምርም። በእኔ እምነት ይህ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የጤና ጉዳይም ነው።

ብቻውን የሚሮጥ የለም

አቃቂን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እንደ እንጦጦ ቁልቁለትና ዳገት የለውም፤ ዝቅ ያለ፣ ሞቅ የሚልና ሜዳማ ነው። ለዚህም ነው ከሌላው የከተማ ጫፍ ሳይቀር ሯጮች ገና ሳይነጋ በሰርቪስ ተጭነው ወደ እኛ የሚመጡት። ከፋብሪካ ፈረቃ የሚወጣው ሠራተኛና ወደ ልምምድ የሚወጣው ሯጭ መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ኮሮኮንቹ ላይ አንድ በአንድ፣ እግር ለእግር ተከታትለው ሲሄዱ አይታችሁ ይሆናል።

ያ ሰልፍ ዝም ብሎ ሰልፍ አይደለም። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከኋላ ያለው ጉልበት ይቆጥባል። ከፊት ያለው ሰዓቱን ይጠብቃል፣ ጉድጓዱን ያያል፣ ከመኪና ይጠነቀቃል። ከኋላ ያለው አእምሮውን አሳርፎ የፊተኛውን እግር ብቻ ይከተላል። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። በሌላ አነጋገር ሯጭ በልምምድ ላይ በየቀኑ ከጓደኛው ጉልበት ይበደራል።

እንግሊዛዊው ማይክል ክራውሊ፣ ራሱም ሯጭ የሆነ የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ፣ አዲስ አበባ ከሯጮቻችን ጋር እየኖረና እየሮጠ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2020 መጽሐፍ አሳትሟል። ብዙ ካስገረሙት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው፦ እኛ ዘንድ ብቻውን የሚሮጥ ሰው ለጤናው ነው የሚሮጠው ይባላል፤ መለወጥ የሚፈልግ ከሰው ጋር ነው የሚሮጠው። እሱ መጽሐፍ የጻፈበትን እውነት እኛ ድሮም በተረት አሳጥረን ይዘነዋል፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ።

እንግዲህ አስቡት። ሩጫ ውጤቱ የአንድ ሰው ነው፤ ሜዳሊያው አንድ አንገት ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ልፋቱ ግን የሃምሳ ሰው ነው። ያን ክፍተት የሚሞላው ምንድን ነው? ገንዘብ ለአብዛኛው ልጅ የለም። ዝና የለም። የሚቀረው «አይቼሃለሁ፣ አውቄልሃለሁ» የሚል ቃል ብቻ ነው። እሱም ሲጠፋ ልጅቷ ሱቅ ትገባለች። ሱቅ መሥራት ነውር ሆኖ አይደለም፤ የምትወደውን ነገር ሳታምም፣ ሳትሸነፍ፣ ማንም ስላላያት ብቻ መተዋ ነው የሚያሳዝነኝ።

ሕክምናው ምን ይላል?

የዚያች ልጅ ሁኔታ ስም አለው። በስፖርት ሕክምና በርንአውት ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ መዛል ወይም ነዶ ማለቅ ልንለው እንችላለን። ሦስት መልክ አለው። አንደኛ፣ አካልም ስሜትም ይዝላል፤ እንቅልፍ ተኝቶ እንኳ ድካሙ አይለቅም። ሁለተኛ፣ «የትም አልደርስም» የሚል ስሜት ይመጣል። ሦስተኛውና ወላጆች ሳያስተውሉ የሚያልፉት፣ ልጁ ይወደው የነበረውን ስፖርት መናቅ ይጀምራል። «ምን ያደርጋል!» ማለት ሲያበዛ ስንፍና አድርጋችሁ አትዩት።

እ.ኤ.አ. በ2008 ቼንና ኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በታይዋን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሆኑ ወጣት ስፖርተኞችን አጥንተው ነበር። አመስጋኝ የሆኑት ልጆች በቡድናቸውም በኑሯቸውም የበለጠ ደስተኛ ሆነው ተገኙ፤ መዛሉም በእነሱ ላይ አነስ ያለ ነበር። እዚህ ላይ ልጠንቀቅ፦ ጥናቱ ሁለቱ ነገሮች አብረው እንደሚሄዱ ነው የሚያሳየው። ምስጋናው መዛሉን አስቀረው ወይስ ያልዛለ ልጅ ማመስገን ይቀለዋል የሚለውን አይፈታም። ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ምስጋና መድኃኒት ነው ብዬ ልሸጥላችሁ አልመጣሁም።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በኤንቢኤ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ላይ ተሠርቷል። አጥኚዎቹ በውድድር ዘመኑ መጀመሪያ ተጫዋቾች ምን ያህል እጅ ለእጅ እንደሚማቱ፣ እንደሚተቃቀፉ፣ ትከሻ እንደሚነካኩ ቆጠሩ። መጀመሪያ ላይ ብዙ የሚነካኩት ቡድኖች በኋላ የተሻለ ተጫወቱ። እጅ መማታት ኳስ ቅርጫት ውስጥ አይከትም። ግን «አብረን ነን» የሚል መልእክት ያስተላልፋል፤ አካላችን ይህን መልእክት ይሰማል።

በክሊኒክ የማየውም ከዚህ አይርቅም። ቡድኑ ውስጥ ቦታ እንዳለው የሚሰማው ልጅ ሲታመም ቶሎ ይናገራል። እንደ ትርፍ ሰው የሚቆጠር ልጅ ግን ሕመሙን ይደብቃል፤ «ከወደቅኩ ማን ይፈልገኛል?» ብሎ። ያቺ ቅልጥሟን የታመመችው ልጅ ሕመሙ ሲጀምራት የሚሰማት ልምምድ ሲያልቅ ብቻ ነበር። ቀጥሎ መሀል ላይ፣ ቀጥሎ ስትራመድ፣ በመጨረሻ ማታ አልጋ ላይ። ይህ የአጥንት ስንጥቅ የታወቀ አካሄድ ነው። ቀድማ ብትመጣ እረፍቱ ባጠረ። ጓደኛዋ ጎትታ ባታመጣት ኖሮ ደግሞ ስንጥቁ ስብራት ሊሆን ይችል ነበር። «ማንም አይደለችም» የተባለችው ልጅ ያን እግር አትርፋለች ብል ማጋነን አይደለም።

ታዲያ ለምን አንልም?

«ኢትዮጵያዊ አያመሰግንም» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ እከራከራለሁ። እናመሰግናለን እንጂ! እንዲያውም እንመርቃለን። «እግዜር ይስጥልኝ»፣ «ተባረኪ»፣ «ክፉ አይንካህ»፣ «ኑርልኝ»፣ «እደግ!» ከደረቅ «አመሰግናለሁ» በላይ ናቸው እነዚህ። ግን ምርቃት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው፤ ከአያት ወደ ልጅ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ። የ16 ዓመት ልጅ የ16 ዓመት ጓደኛውን «ክፉ አይንካህ» ቢለው ይሳቅበታል። ለእኩያ የሚሆን የምስጋና ቃል እምብዛም አላስታጠቅናቸውም።

ለአሰልጣኝስ? እዚያ ደግሞ ፍርሃትና ይሉኝታ ይገባል። «ኮችን ባመሰግነው ጓደኞቼ አሽቃባጭ ይሉኛል» ያለኝ ልጅ አለ። ቅርብ ለሆነ ሰው ምስጋና እንደ ስድብ የሚቆጠርበትም ጊዜ አለ፦ «ምን አመሰግናለሁ ትለኛለህ፣ ባዳ ነኝ እንዴ?» ስለዚህ ምስጋናው ሆድ ውስጥ ይቀራል። «በሆዴ አለ» እንላለን። የሰው ሆድ ግን በራጅም አይታይም፤ እኔ አንስቼ አውቀዋለሁ!

ከሆዳችን የምናወጣው መቼ ነው? ቀብር ላይ። እዚያ ስንደርስ አንደበታችን ይፈታል፤ የሕይወት ታሪክ ይነበባል፣ ውለታው ይዘረዘራል። እኔ ራሴ የዚህ ጥፋተኛ ነኝ። በልጅነቴ አንድ የስፖርት መምህር ነበሩኝ። አስም ስለነበረብኝ ሌሎቹ ሲሮጡ እኔን ጥግ አያስቀምጡኝም፤ ሰዓት ያዥ አድርገው ከቡድኑ ጋር ያውሉኝ ነበር። ሐኪም ልሆን የበቃሁት አንድ ሰው «አንተም ከኛ ጋር ነህ» ስላለኝ ይመስለኛል። ይህን የነገርኩት ለልጆቻቸው ነው፤ ለቅሶ ቤት፣ ድንኳን ውስጥ። እሳቸው አልሰሙትም።

ለማለት የሚከብደን አንድ ምክንያት የተሳሳተ ሒሳብ ነው። ኩማርና ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት ሰዎች የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉ አደረጉ፤ ተቀባዩ ምን ይሰማዋል ብለው እንዲገምቱም ጠየቋቸው። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ያፍራል፣ ይደናገጣል ብለው አጋነኑ፤ የሚሰማውን ደስታ ደግሞ አሳነሱ። ማለትም «ይስቅብኛል» ብለን ዝም ስንል አብዛኛውን ጊዜ ተሳስተናል።

ከታላላቆቻችን እንማር

እ.ኤ.አ. በ2004 የአቴንስ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትርን የምታስታውሱ አላችሁ? ኃይሌ የአኪለስ ጅማቱ ተጎድቶ ነው የገባው። ቀነኒሳና ስለሺ በመሀል ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ዞር ዞር እያሉ ሩጫውን አቀዘቀዙለት፤ እንዲደርስባቸው። በኦሊምፒክ ፍጻሜ! በመጨረሻ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር ወሰዱ፤ ኃይሌ 5ኛ ወጣ። ያን ቀን ቴሌቪዥን ፊት የነበርን ሁሉ ወርቁን ብቻ አይደለም የምናስታውሰው፤ ያንን ዞር ማለት ነው። ምስጋና ሁልጊዜ ቃል መሆን የለበትም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የለኝም።

ቅርብ ጊዜ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 ፓሪስ ላይ ታምራት ቶላ ማራቶን አሸነፈ፤ 2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን። ታምራት ተጠባባቂ ነበር። ቦታው የሲሳይ ለማ ነበር፤ ሲሳይ በጉዳት ምክንያት ውድድሩ ሲቃረብ ለቀቀለት። ታምራትም ካሸነፈ በኋላ ሲሳይን በስሙ ጠርቶ አመስግኗል። የሐኪም ዓይኔ እዚህ ላይ ሁለት ነገር ያያል። አንዱ የታምራት ምስጋና ነው። ሌላው ደግሞ የሲሳይ ድፍረት፦ «ተጎድቻለሁ፣ ሌላው ይሩጥ» ማለት። ሁለቱ ተያያዥ ናቸው። ጉዳቱን ተናግሮ ቦታ የለቀቀ ሰው በስሙ በሚመሰገንበት አገር ውስጥ ወጣቱ ሕመሙን አይደብቅም።

ከበቆጂው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም መማር ይቻላል። ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ ገና ልጆች ሳሉ በእሳቸው እጅ ነው ያለፉት። ዓለም የሚያውቀው የሻምፒዮኖቹን ስም ነው፤ ከኋላቸው ግን ጎሕ ሲቀድ ሜዳ ላይ ፊሽካ ይዘው የቆሙ መምህር ነበሩ። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አለ። አቃቂም ውስጥ በርካታ አሉ፤ ያለ በቂ ደመወዝ፣ በራሳቸው ትራንስፖርት፣ ኳስ ከራሳቸው ኪስ ገዝተው የሚያሠለጥኑ።

ደግሞ የራሳችንን ክፍለ ከተማ አንርሳ። እዚሁ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ስሙን ያገኘው ከጥሩነሽ ዲባባና እ.ኤ.አ. በ2008 ሁለት ወርቅ ካገኘችበት የቤጂንግ ኦሊምፒክ ነው። አገር ሲያመሰግን እንዲህ ስም ያወጣል። በየቀኑ «ጥሩነሽ ቤጂንግ ወራጅ አለ!» ስንል ሳናውቀው ምስጋና እየደጋገምን ነው። ትልቁን እንዲህ ካልን ትንሹን ለማለት ምን ያግደናል?

ምስጋና ሰንሰለት አይሁን

አሁን የሚከብደኝን ላንሳ። ይህን ጽሑፍ የሚያነብ አንድ አሰልጣኝ «እሰይ፣ ልጆቹ ውለታዬን ይወቁ!» ብሎ ለሌላ ዓላማ እንዲጠቀምበት አልፈልግም።

«ውለታ ቢስ»፣ «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚሉ ቃላት ወጣትን የማሰር አቅም አላቸው። ቅልጥሟ የተሰነጠቀውን ልጅ «ለምን ቀድመሽ አልመጣሽም?» ስላት የመለሰችልኝ እንዲህ ነው፦ «ኮች ስንት ለፍቶብኝ ውድድር ሲደርስ አሞኛል ልበለው?» አያችሁ? ይህ ምስጋና አይደለም፤ ዕዳ ነው። የወር አበባዋ ለአምስት ወር ቀርቶ እንደነበርም ለማንም አልተናገረችም። ብዙ እየሮጡ ትንሽ መብላት የወር አበባን ያስቀራል፣ አጥንትንም ያሳሳል፤ ይህ ለሴት ሯጮች ትልቅ የማንቂያ ደወል ነው። እሷ ግን «ያፍሩብኛል» ብላ ዋጠችው። ዕዳ ያለበት ሰው አበዳሪውን ሽሽት ይደበቃል፤ ምስጋና ያለው ሰው ግን ይቀርባል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

ስለዚህ ለልጆቻችሁ በግልጽ ንገሯቸው። ማንንም ማመስገን እነዚህን አያስገድድም፦
▪ ሕመምን ደብቆ መሮጥን፤
▪ ምንነቱ ያልታወቀ ክኒን መዋጥ ወይም መርፌ መወጋትን፤
▪ ዱላን፣ ስድብን፣ ወይም አላስፈላጊ ንክኪን ዝም ብሎ መቻልን፤
▪ ያልገባቸውን ወረቀት መፈረምን።

«ስንት አድርጌልሽ!» እያለ ከእነዚህ አንዱን የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ምስጋና አይደለም የሚገባው፤ ለወላጅና ለሚመለከተው አካል መነገር ነው የሚገባው። ጥሩ አሰልጣኝ ይህን ስጽፍ አይከፋውም። እንዲያውም ደስ ይለዋል፤ ልጆቹን እሱም እንደዚሁ ነው የሚጠብቃቸው።

እንዴት እናስተምር?

ለአሰልጣኞች። ከእናንተ ይጀምር። ልጅ የሚናገረው የሰማውን ነው። ያሸነፈውን ብቻ ካወደሳችሁ ልጆቹም ያሸነፈውን ብቻ ያያሉ። «ዛሬ እስከ መጨረሻው ዙር ነፋሱን የሰበረልን እሱ ነው» በሉ፤ ስሙን ጥሩት። ቅዳሜ ልምምድ ሲያልቅ፣ ሰውነት እያፍታታችሁ ሳለ፣ አምስት ደቂቃ ስጡ፦ «በዚህ ሳምንት ማን ምን አደረገላችሁ?» በግድ ግን አይሁን። ዓይን አፋሩን ልጅ መሀል አቁማችሁ «አመስግን!» ብትሉት የምታስተምሩት ማስመሰል ነው። ዝም ማለትም ይፈቀድ፤ ሲሰማ ቆይቶ አንድ ቀን ራሱ ይናገራል።

ለወላጆች። ልጃችሁ ከጨዋታ ሲመለስ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ነው አይደል? እሱንም ጠይቁ። ቀጥላችሁ ግን «ዛሬ ማን ረዳህ? አንተስ ማንን ረዳህ?» በሉት። ምሳ ስትቋጥሩ አንዳንድ ቀን ለሁለት ሰው ቋጥሩ፤ ቁርስ ሳይበላ የሚሮጥ ጓደኛ አለው፣ እመኑኝ። ዓመቱ ሲያልቅ አሰልጣኙን ቤታችሁ ቡና ጥሩት። ይኼ ከየትኛውም የምስክር ወረቀት ይበልጣል።

ለእናንተ ለወጣቶቹ። ምስጋና ርዝመት አይፈልግም፤ ዝርዝር ነው የሚፈልገው። «ለሁሉም አመሰግናለሁ» ማለት ለማንም እንደማለት ነው። «ማክሰኞ ሦስተኛው ዙር ላይ ልቆም ስል ከጎኔ ስለሮጥሽ ጨረስኩ» ስትሏት ግን ልጅቷ ያንን ዓመቱን ሙሉ አትረሳውም። ፊት ለፊት ካፈራችሁ በቴሌግራም ጻፉ። መጻፍም ከከበዳችሁ ቦርሳዋን ያዙላት፣ ውኃ አቀብሏት፣ በረኛው ጎል ሲቆጠርበት ሁሉም ጀርባውን ሲሰጠው እናንተ ሂዱና ትከሻውን መታ መታ አድርጉት። ማልያ የምታጥበውን እናት፣ የሰርቪሱን ሹፌርና ረዳት፣ ሜዳውን የሚጠርገውን አባት በስማቸው እወቋቸው። አንድ ነገር ደግሞ ከአደራ ጋር፦ ዘንድሮ በተጠባባቂ ወንበር የተቀመጠውን አትርሱ። የታምራትን ነገር ተመልከቱ፤ ተጠባባቂ መቼ እንደሚነሳ አይታወቅም!

ሲመሰገኑ መቀበልንም ተማሩ። «ኧረ ምንም አላደረግኩም» ብላችሁ አትግፉት። «ደስ ብሎኛል» በሉና ተቀበሉ። የሚገፋ ምስጋና ሁለተኛ አይመጣም።

በመጨረሻ

የሁለቱን ልጆች ነገር ሳልጨርስ ብተዋችሁ ትቀየሙኛላችሁ። ቅልጥሟ የተሰነጠቀው ልጅ ሁለት ወር ገደማ አረፈች፣ በደንብ መብላት ጀመረች፣ የወር አበባዋም ተመለሰ። ለመጨረሻ ክትትል ስትመጣ እግሯን አይቼ ከጨረስኩ በኋላ «ያቺ ያመጣችሽ ልጅ እንዴት ናት?» አልኳት። «ቀረች፤ ለምን እንደቀረች እንጃ።» ያኔ ያን ቀን በሬ ላይ የተባለውን አስታወስኳት። ፊቷ ተለዋወጠ። «እንደዛ ብያለሁ?» አለች። «ሰማችኝ?» እውነቱን ነገርኳት፤ ሰምታለች።

በማግስቱ ሱቋ ድረስ እንደሄደች በኋላ ነገረችኝ። ምን እንዳለቻት አልጠየቅኋትም። ተላቅሰው ቡና ጠጥተዋል። «ታዲያ ወደ ልምምድ ተመለሰች?» አልኳት። አልተመለሰችም። ምናልባትም አትመለስም፤ ሥራ ይዛለች፣ ቤት የምታግዘው አላት። ዘግይቶ የመጣ ምስጋና ያመለጠውን ሁሉ አይመልስም። ግን «ብኖርም ባልኖርም ያው ነው» የሚለው ሐሳብ ከልጅቷ ልብ ወጥቷል፤ ይኼን ከራሷ አፍ ሰምቻለሁ። ለእኔ እንደ ሐኪም ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ውድ ቤተሰቦቼ፣ ይህን ካነበባችሁ በኋላ አንድ ሰው ትዝ ብሏችሁ ይሆናል። የሰፈር አሰልጣኝ፣ የስፖርት መምህር፣ ታኬታውን ያዋሳችሁ ልጅ፣ ከጎናችሁ የሮጠች። ዛሬ ሳይመሽ ደውሉላቸው። ድንኳን እስኪተከል አትጠብቁ፤ እኔ ጠብቄ አይቼዋለሁ፣ አያዋጣም።

የሚሮጥ ወይም ኳስ የሚጫወት ልጅ ላለው ወዳጃችሁ አጋሩት። ልጃችሁ ከአንድ ሳምንት በላይ የቆየና አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚሰማው የአጥንት ሕመም ካለው፣ ወይም ሴት ልጃችሁ የወር አበባዋ ለሦስት ወርና ከዚያ በላይ ከቀረ፣ ምስጋናውንም ስፖርቱንም ቆየት አድርጋችሁ መጀመሪያ ወደ ጤና ተቋም ይዛችኋቸው ሂዱ።

ጤናችሁ ይብዛ። ቸር ያቆየን።